ያልደረቀው ቤት

ያን ክረምት ቡታጅራ ውስጥ የደረቀ ነገር አልነበረም። ልብስ አይደርቅም፣ ማገዶ አይደርቅም፣ የእኔ ሥዕልማ ጭራሽ አይታሰብም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዘቢዳር ተራራ ይወርድና በጓሮው እንሰት መሀል ተሹለክልኮ፣ በመስኮቴ ገብቶ፣ እንደ ቤተኛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። ማታ የቀባሁትን ሰማያዊ ስነሳ ካስቀመጥኩበት ፈቀቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ሰማዩ ወደ ተራራው ወርዷል፤ ተራራው ወደ ሜዳው ፈስሷል፤ ሜዳው የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ጠብ ጠብ ይላል። አንዳንዴ እኔ ካሰብኩት ይልቅ ጉሙ የሠራው ያምር ነበር። ይህን የማምነው ግን ዛሬ ነው፤ ያኔ ከጉም ጋር ሁሉ የምጣላ ሰው ነበርኩ።

የውሃ ቀለም ትዕግሥት ይፈልጋል ይላሉ። ውሸት ነው። የውሃ ቀለም የሚፈልገው ፀሐይ ነው። ትዕግሥት የሚያስፈልገው ፀሐይ በሌለበት ብሩሽ ይዞ ለተቀመጠው ሰው ነው፤ ትዕግሥት ሲታደል ደግሞ እኔ አልነበርኩም።

የተከራየሁት አንዲት ክፍል ነበረች። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ለንግድ አዲስ አበባ የገቡባቸው አሮጊት የመስቃን ሙስሊም ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ክፍሏን ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሬ፣ ያላለቁ ሥዕሎቼን በልብስ መቆንጠጫ እሰቅልበታለሁ። ከሲባጎው ሥር፣ መሬት ላይ፣ በወረቀት ቡኮ የሠራኋቸው ነገሮች ተኮልኩለዋል። ትምህርት ቤት ፓፒዬ ማሼ ብለው ነበር ያስተማሩን፤ አሮጌ ጋዜጣ ቀዳዶ መዘፍዘፍ፣ መውቀጥ፣ በማጣበቂያ ማቡካት፣ ከዚያ ቅርጽ ማስያዝ ነው። ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ሲደርቅ ነው ያልኩት።

አንድ እግሯ ያልተሠራላት በቅሎ ነበረችኝ፣ ግድግዳ ተደግፋ የምትቆም። ጅራት የምትጠብቅ ጅግራ ነበረች። ዱባ ይሁን ጨረቃ ገና ያልለየለት አንድ ትልቅ ክብ ነገርም ነበር፤ ጠዋት ሳየው ዱባ ይሆንና ሲመሽ ሐሳቡን ይቀይራል። ጎረቤት እሳት ለመጫር ብቅ ሲል፣ ሳያስበው የሰው ሕልም ውስጥ ዘው ያለ ይመስል ደፉ ላይ ቆም ይል ነበር። እኔ ግን እዚያ ሕልም ውስጥ ነው ተኝቼ የምነሳው። ከላይ የሚንጠባጠብ ሰማይ፣ ከታች ያልተጨረሱ እንስሳት፣ መሀል ላይ እኔ።

ከእንስሳቱ አንዳቸውም ዓይን የላቸውም። ክፍሉን ስከራይ ከእማማ ጋር የተስማማነው ነው። ዕቃዬን ሳስገባ የበቅሎዋን ጭንቅላት አይተው በሩ ላይ ቆሙና፣

«ልጄ፣ ይሄ ነፍስ ያለው ነገር ነው?» አሉኝ።

«ወረቀት ነው እማማ።»

«ወረቀትስ ይሁን። የቂያማ ቀን፣ በይ እንግዲህ ነፍስ ዝሪበት ብትባይ ምን ልትመልሺ ነው? በእኔ ቤት አይሆንም።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ፈታ አለ። «ዓይን ካልሠራሽለት ግን ግድ የለም። ዓይን የሌለው ነገር ገና አልተፈጠረም ማለት ነው።»

እኔም ሆዬ መጀመር እንጂ መጨረስ ስለማይሆንልኝ፣ ስምምነቱ እንደ ልክ የተሰፋ ልብስ ሆነልኝ። ቤተሰቦቼ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጀማሪዋ» ነው የሚሉኝ። ሹራብ ጀምሬ አንድ እጅጌ ላይ የተውኩ፣ ስፌት ጀምሬ ለዶሮ መጠለያ ያደረግኩ ሰው ነኝ። እንጀራዬን የማገኘው የሆቴል፣ የፎቶ ቤትና የጋራዥ ማስታወቂያ በመጻፍ፣ አንዳንዴም ስለ ኤድስ የሚያስተምሩ ሰሌዳዎች በመሣል ነበር፤ እነሱን እጨርሳለሁ፣ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛላ። የራሴን ሥራ ግን የሚጠብቅ አልነበረም። እስከዚያ ክረምት ድረስ ማለቴ ነው።

አባቴ ወልቂጤ ላይ ባለሱቅ ነው። ልጅ ሳለሁ ስኳርና ጨው የሚሸጠው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። አባቴ ጋዜጣውን ሳያየው በመዳፉ ጠምዝዞ እንደ ቀንድ ያሾለዋል፣ ጫፉን ያጥፋል፣ ይሞላል፣ አፉን ይዘጋል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ከደንበኛው ጋር የያዘውን ወሬ አላቋረጠም። እኔ ከባንኮኒው ሥር ቁጭ ብዬ የጋዜጣው ነጭ ጠርዝ ላይ እሥላለሁ። ሰዉ ጨው ገዝቶ ሲሄድ የእኔን ዶሮና የእኔን ዛፍ አብሮ ይዞ ይሄድ ነበር። ሥዕል ልማር ብዬ ስነሳ አባቴ አልተቆጣም፤ እሱ አይቆጣም፣ ቁጣውን ከማን እንደወረስኩት አላውቅም። «ወረቀት መጠቅለያ ነው እንጂ መተዳደሪያ አይደለም» ብቻ ብሎ፣ ስንቄን አስቋጥሮ ሸኘኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕሌ ጠይቆኝ አያውቅም።

ዘመኑ ተቀየረና ፌስታል መጥቶ ጋዜጣን ከሱቅ አባረረ። አባቴ ግን ጋዜጣ ማከማቸቱን አልተወም፤ ለስንት ዓመት መጠቅለያ የሚሆን ክምር ጓዳው ውስጥ ቀረበት። ቡታጅራ መግባቴን ሲሰማ በሲባጎ እያሰረ በሚኒባስ ይልክልኝ ጀመር። ከዚያ በአዲሱ ሞባይሉ ይደውልና፣ ወልቂጤና ቡታጅራ ያለ ስልክ የሚሰማሙ ይመስል እየጮኸ፣ «መጠቅለያሽን ልኬልሻለሁ» ይለኛል። የእኔ በቅሎም ጅግራም የተሠሩት ከአባቴ መጠቅለያ ነው። ስትዘፈዝፈው ውሃው ላይ የስኳርና የበርበሬ ሽታ ይወጣል።

ቤታችን ግን ወልቂጤ አልነበረም። ለጉራጌ ሱቅ ሌላ፣ ቤት ሌላ ነው። ቤታችን ገጠር ነው፣ ጀፎረው ዳር፤ ጀፎረ የምንለው በመንደሩ መሀል የሚያልፈውን፣ ቤቶች ሁሉ ፊታቸውን የሚያዞሩበትን ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። አያቴ የሠራው ትልቅ ሣር ቤት ነበር። መሀሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ፣ ከምሰሶው ጫፍ ደግሞ እንደተዘረጋ ጃንጥላ በየአቅጣጫው የሚወርድ ክዳን። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ አባቴ ሱቁን ይዘጋና አገር ቤት ይገባል። ሰው ማሠራት ሲችል ራሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣሩን ይጠግናል። እኔ ከጀፎረው ሆኜ ወደ ላይ አየዋለሁ። ጉም ካለ ቤቱ አይታይም፤ አባቴ ብቻ ሰማይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማዩን ሲሰፋ ይታየኛል። ሲጨርስ ይወርድና፣ ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቶ ይቀመጥና፣ ቤቱን እየዞረ ያያል። ዓመቱን ሙሉ ስኳር የሚሰፍረው ለዚያች ቅጽበት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀዘቀዘ። ወንድሜ ከጎን ቆርቆሮ ቤት ሠራ። አሮጌው ቤት ጎበጠ፤ ሰው ላይ ሳይወድቅ ተብሎ አንድ በጋ ፈረሰ። ፎቶ ያነሳው የለም። ቤትን ማን ፎቶ ያነሳል? ፎቶ የሚነሳው ሰው ነው፣ ቤቱ ከጀርባ ትንሽ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ አባቴ ለመስቀል ሲሄድ በእንግድነት ሆነ። «ቆርቆሮ ምኑ ይጠገናል?» ይላል። እጁ ሥራ ፈታ።

ቀጥሎ ዓይኑ መጣ። መጀመሪያ የብርጭቆውን ጠርዝ ሳተ። ከዚያ ደንበኞቹን በድምፅ መለየት ጀመረ። ሐኪም ዘንድ እስኪሄድ ድረስ ነገሩ ገፍቶ ኖሮ፣ ለዓይን ሕክምና ቡታጅራ ሲመጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ ጥቂት ሊያቆዩት እንደሚሞክሩ ነገረኝ። ወጥቼ አባቴ ከተቀመጠበት አግዳሚ አጠገብ ቆምኩ። እሱ ግቢው ውስጥ ወዳለው ዛፍ ዞሮ፣ ዛፉን ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚያየው ሁሉ አገጩን ቀና አድርጎ ነበር። ያኔ ነው ልቤ የቆረጠው። ዓይኑ ሳይዘጋ ያንን ቤት አንድ ጊዜ ማየት አለበት፤ ማሳየት የሚችል ደግሞ ከእኔ ሌላ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ጀማሪ ሆኜ ኖሬ፣ አንድ የምጨርሰው ነገር ተሰጠኝ።

ያን ክረምት የሣልኩትን ያህል ሥዬ አላውቅም። ጀፎረውን እጀምራለሁ፣ ጉሙ ያፈሰዋል። ክዳኑን እጀምራለሁ፣ ቡናማው ወደ ግድግዳው ይወርዳል። በከሰል ምድጃ ላደርቅ ስል ወረቀቱ ይጨማደዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን አላየሁትም። በሲባጎው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ያ ቤት ሆነ፤ ግማሽ ቤት፣ ሩብ ቤት፣ በሩ ብቻ ያለ ቤት። እማማ ከጠዋት ሰላት በኋላ ብቅ ብለው፣ «ዛሬም እሱኑ?» ይሉኛል። «ዛሬም እሱኑ» እላለሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አይዞሽ።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባቴ ለቀጠሮው መጣ። የሚኒባሱ ረዳት እጁን ይዞ አወረደው። ከሥዕሎቹ ሁሉ ደህና የተባለውን መርጬ፣ ያለ አቅሜ ጨርሼው፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ሰጠሁት። ታች ሰፊ አረንጓዴ ጀፎረ፣ መሀል ላይ ቤቱ፣ ላይ ገርጣ ያለ የመስከረም ሰማይ። አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ቆየ።

«ሰማዩን ጥሩ አድርገሽዋል» አለኝ።

ወረቀቱን ገልብጦ ነበር የያዘው። ጀፎረውን ነው ሰማይ ያለው።

«አዎ፣ አባባ» አልኩት። ወጥቼ ከእንሰቱ ሥር አለቀስኩ። ዘግይቻለሁ ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ስመለስ አባቴ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከአጠገቡ ካለው ክምር አንድ ጋዜጣ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ሳያስበው ይጠመዝዛል። እንደ ቀንድ አሾለው፣ ጫፉን አጠፈ፣ አፉን ከፈተ። የሚሞላ ስኳር ስለሌለ ፈታውና መልሶ ጠመዘዘው። ዓይኑ መስኮቱ ጋ ነው፣ የትም ነው፤ እጁ ግን ያያል። በሩ ላይ ቆሜ አየሁትና እንባዬን ጠራርጌ ገባሁ። ምን እንደምሠራ ገብቶኛል።

የሚቀጥለው ቀጠሮ የመስቀል ሰሞን ነበር። አባቴ በሄደ ማግስት ሥዕሎቹን ከሲባጎው አወረድኩ። የእማማን የመሶብ ክዳን ለጣሪያው ቅርጽ ተዋስኩ፤ ለግድግዳው የራሴን ባልዲ ደፋሁ። የአባቴን መጠቅለያ ዘፈዘፍኩ። ማጣበቂያ ግን ቸገረኝ። የስንዴ ዱቄት በዚያ እርጥበት ይሻግታል፤ ቀደም ሲል የሠራኋት ጅግራ ጢም አብቅላ አይቻታለሁ። ያን ጊዜ ነው ቡላ ትዝ ያለኝ። የእንሰት ቡላ በውሃ ሲበስል ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ገንፎውን በልቶ ድስቱን ያጠበ ሁሉ ያውቃል። ገበያ ወጥቼ ደህናውን፣ ነጩን ገዛሁ። በየጠዋቱ ደጅ ላይ በከሰል ምድጃ ቡላ በውሃ አበስላለሁ፣ ሲበርድ ከወረቀቱ ጋር አቦካለሁ፣ ግድግዳውን ወደ ላይ አነሳለሁ። በጉሙ ውስጥ እጄን እያየሁ አልሠራም ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እሱ እንዴት እንደሚያገኘው ለማወቅ። በሩን ስዳስስ የዱሮውን ደፍ አገኘሁት። እናቴ ከውስጥ ስትጠራኝ የሰማሁ መስሎኝ ዓይኔን የገለጥኩበት ቀን ነበር።

ረመዳን ገብቶ ነበር። እማማ ቀኑን በጾም፣ በቁርዓንና እኔን በማየት ነው የሚያሳልፉት። ምንም አይሉኝም። ምድጃው አጠገብ ስቆም አሻግረው ያዩኝና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለጣሪያው የሚሆነውን የመጨረሻውን ቡላ ድስት ላይ እንደጣድኩ አንድ ባለጋራዥ ሰሌዳዬ ተጣመመ ብሎ ጠራኝና ሄድኩ። ስመለስ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አፍንጫዬ ነቃ። ኮሰረት የገባበት፣ የተነጠረ ቅቤ። ድስቱን ስከፍት ማጣበቂያዬ ቢጫ ሆኖ ያበራል።

«እማማ፣ ድስቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ፣ ከመደባቸው ሳይነሱ፣ እንደተመረቀ ሰው እየሣቁ።

«ምን ጨመሩበት?»

«ቅቤ ነዋ። ሌላ ምን ይጨመራል?»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለች እንዴ! ይሄን ያህል ቀን ቡላ በውሃ ብቻ ስታገነፊ አያለሁ። ጨው የለው፣ ቅቤ የለው። መጀመሪያ አጥታ ነው አልኩ። ኋላ ነው የገባኝ። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ሽታው እንዳያስጎመጀኝ ብለሽ ነው። አላህ ይስጥሽ። ግን በእኔ ጾም አንቺ ምን ቤት ነሽ? ወላሂ እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ቀምሰውታል?»

«በቀን? ጾመኛ ነኝ እያልኩሽ!»

ልቆጣ ተነሳሁና ድስቱን መልሼ ከደንኩት። «እማማ» አልኳቸው፣ «ለወረቀት ማጣበቂያ ነበር እኮ።»

«ቡላው?» አሉ።

«አዎ።»

«ለወረቀት?»

«ለአባቴ ቤት።»

«ያ አላህ» አሉ ቀስ ብለው። «አራስ የሚበላውን።» ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መጀመሪያ የሣቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ፣ እሳቸው መደባቸው ላይ ሆነው፣ ሆዳችንን ይዘን ነበር። ሣቁ ሲያልቅ ቅቤው ድስቱ ውስጥ እንዳለ ነበር።

የገበያው ቀን አልፏል፤ የሚቀጥለው ሳይደርስ አባቴ ይመጣል። ከላይ ከላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ ገፍፌ በተረፈው ጣሪያውን ሠራሁ። ሌላው ሰው ቢሆን ይተወው ነበር፤ እኔ ለመተው ጊዜ አልነበረኝም። ለሣር ክዳኑ የእንሰት ቃጫ አበጥሬ ከላይ አስተኛሁበት። ጣሪያው ጣት ሲነካው ወዝ ይላል እንጂ አልደረቀም። ቀን በጭላንጭሏ ፀሐይ አወጣዋለሁ፣ ሲመሽ ምድጃ አጠገብ አስገባዋለሁ። ትንሽ ቡናማ ላስነካው ብዬ ብሩሽ ሳሳርፍበት፣ ቀለሙ እንሰት ቅጠል ላይ እንደወደቀ ዝናብ ክብ ክብ እየሆነ ይንከባለላል። አንድም ጠብታ አልያዘም። ቀለሙን ተውኩት። ለማን ነው የምቀባው?

የደመራ ዋዜማ ነበር። መንገዱ ሁሉ ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው ተጨናንቋል። ከአዲስ አበባ የመጣው መኪና ላይ ዕቃው ተራራ ነው፤ ሚኒባሶቹ ከነጭፈራቸው ያልፋሉ። ያ ሁሉ ጉራጌ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ አባቴ በተቃራኒው መጣ። ከሕክምናው ሲወጣ ክንዱን ያዝኩት። «ሐኪሙ መብራት አብርቶ፣ ታየዎት ወይ? አለኝ» ብሎ አወራልኝ። «ማን ነው ክብሪት የጫረው? አልኩት።» ሣቅሁለት። እሱም ሣቀ። ሁለታችንም ምን እንደተባለ ገብቶናል።

እማማ በሩ ላይ ተቀበሉት። የእሱ ጉራጊኛና የእሳቸው ጉራጊኛ ስለማይግባባ በአማርኛ ነው የሚነጋገሩት። «የዓይንዎን ብርሃን አላህ ይመልስልዎ» አሉት። «አሜን። ጾሙን ያስፈጽምዎ» አላቸው። ክፍሌ ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። እጁ መጀመሪያ ያገኘው በቅሎዋን ነው። ጆሮዋን ዳሰሰ፣ ግንባሯን ዳሰሰ፣ ዓይኗ ሊኖር የሚገባበት ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይቺም እንደኔ ናት» አለ።

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አሉ እማማ ከበሩ፣ ድምፃቸው ጥፋተኛ ሆኖ። «ነፍስ ያለው ነገር ስለሆነ ብዬ።»

«ደግ አደረጉ» አላቸው አባቴ። «ዓይን ጣጣው ብዙ ነው።»

ጣሪያውን ከመሶብ ክዳኑ ላይ ያላቀቅሁት ጠዋት ነበር። ግድግዳው ደርቆ ጠንክሯል፤ ጣሪያው ግን ገና ሥጋ ነው። እንደነገሩ ደፍቼበት፣ ቤቱን ይዤ መጥቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

እጆቹ ከታች ጀመሩ። ግድግዳውን ዞሩ። በሩን አለፉት፣ ተመለሱ፣ ደፉን አገኙ።

«ወደ ጀፎረው ነው?» አለ።

«ወደ ጀፎረው ነው።»

ወደ ላይ ወጡ። ቃጫው ላይ ሲደርሱ ረጋ አሉ። ጣሪያው ላይ ሲወጣ የነበረው ሰውዬ በጣቶቹ ተመልሶ መጣ፤ ከጠርዙ ጀምሮ፣ ሣሩን ወደ ታች እያስተኛ፣ አንዳንዷን ያመለጠች ቃጫ ወደ ቦታዋ እየመለሰ። እኔ እንደገና ጀፎረው ላይ ቆሜ ወደ ላይ የማየው ልጅ ሆንኩ። ከዚያ መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ቅቤ» አለ። «እናትሽ ስታነጥር ክዳኑ ሁሉ እንዲህ ይሸት ነበር።»

እማማ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

አባቴ ጣቱን በበሩ አስገባ። ውስጡን ቀስ ብሎ ፈለገ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ መሀል። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ጨለመ።

«ምሰሶው የታለ?»

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ዓይኔን ጨፍኜ ስሠራ በሩን አስታውሻለሁ፣ ደፉን አስታውሻለሁ፤ ምሰሶው አልመጣልኝም። ለካ እኔ ምሰሶውን ለብቻው አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እሱ ተደግፎት ነው የማየው።

«ወረቀት ስለሆነ ያለ ምሰሶ ይቆማል ብዬ ነው፣ አባባ» አልኩት።

«ቤት ነዋ» አለ። «እንዴት ብሎ ያለ ምሰሶ ይቆማል?»

እውነቱን ነበር። ጣሪያው ከመዳፉ ሥር መጉበጥ ጀምሮ ነበር። ቅቤው፣ እርጥበቱ፣ የቃጫው ክብደት አንድ ላይ ሆነው መሀሉን ወደ ታች ይስቡታል። ልጅ ሆኜ ያየሁት ያ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ሰሞን የጎበጠው እንዲሁ ነበር። ተንደርድሬ ልይዘው እጄን ስዘረጋ አባቴ ቀደመኝ። ሌባ ጣቱን በበሩ በኩል አሳልፎ፣ መሀል ላይ ቀጥ አድርጎ፣ ጣሪያውን ከውስጥ ደገፈው። ክዳኑ ቀና አለ። ጉብጠቱ ጠፋ። ቤቱ ሆነ፤ ራሱ ሆነ።

«አባባ፣ ይደክምሃል። ስጠኝ፣ እንጨት ላብጅለት።»

«እንጨቱን በኋላ» አለ። «አሁን ብትነቀንቂው ይሰነጠቃል። እስኪደርቅ እኔ ይዤዋለሁ። አንቺ ወደ ሥራሽ።»

ውጭ የደመራ እንጨት የተሸከሙ ሰዎች እየዘፈኑ አለፉ። ጉሙ ከተራራው መውረድ ጀምሮ በመስኮቱ ገባ፤ ዱባ ይሁን ጨረቃ ያልለየው ክብ ነገር ጨረቃ ወደ መሆኑ ተጠጋ። አባቴ ጀርባውን ለግድግዳዬ ሰጥቶ፣ ፊቱን ቀና አድርጎ፣ ዱሮ ሥራውን ጨርሶ ከጣሪያ ሲወርድ እንደሚያደርገው ቤቱን እየዞረ የሚያይ ይመስል ነበር። እኔ ከበቅሎዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቅቤ የነካው ወረቀት እንደማይደርቅ ልነግረው አሰብኩ። ግን ዕድሜውን ሙሉ በወረቀት ሲጠቀልል የኖረ ባለሱቅ ነው፤ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ጣቱን ግን አላወጣም።